ዘፋኝ የሌለበት ጠፈር

የ1960ዎቹን የጊታር አምፕሊፋየር ከጀርባው ከፍቶ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ታችኛው ወለል ላይ የተጋደመ ቀጭን የብረት ሣጥን ያገኛል። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ረዘም ያሉ፣ ከእስክሪብቶ ስፕሪንግ ብዙም የማይወፍሩ ጥምዝ ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥረዋል። ከጊታሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በአንደኛው ጫፍ በኩል ስፕሪንጉን ያንቀጠቅጠዋል። ንዝረቱ ጥምዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ ከወዲያኛው ጫፍ ተላትሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ እዚያ ያለች ትንሽ ጥቅል ሽቦም ለቅማ ወደ ድምፅ ማጉያው ትሰደዋለች። ጊታሪስቱ ክሩን አንዴ መትቶ እጁን ቢያነሳም ድምፁ ሰፊ ባዶ አዳራሽ እንደገባ ሁሉ እየተንከባለለ ይቆያል። አምፕሊፋየሩን በእግር ጠለዝ ካደረጉት ደግሞ ስፕሪንጎቹ ተጋጭተው ነጎድጓድ ያሰማሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለደውና በባሕር ሞገድ ላይ በጣውላ በሚንሸራተቱ ወጣቶች ስም «ሰርፍ» የተባለው የሮክ ሙዚቃ ያለዚህች ሣጥን አይታሰብም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 መጀመሪያ ላይ ዶልተን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ዘ ቬንቸርስ ኢን ስፔስ» የሚል ሸክላ ለገበያ አቀረበ። በመላው ዓለም በግጥም አልባ የጊታር ሙዚቃ እንደ ቬንቸርሶች የተሳካለት ቡድን አልነበረም። የቡድኑ መሥራቾች ዶን ዊልሰንና ቦብ ቦግል በዋሽንግተን ግዛት በግንበኝነት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኩባንያዎች ፊት ሲነሷቸው የዊልሰን እናት ጆሲ ዊልሰን የራሷን አሳታሚ አቋቁማ ሙዚቃቸውን አወጣችላቸው፤ በ1960 «ዎክ ዶንት ረን» በአሜሪካ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ስለ ጠፈር የሠሩት አልበም 12 ሙዚቃዎች አሉት። አንድም ዘፋኝ የለበትም፣ አንድም ስንኝ አይሰማም። ያለው ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ እንዲሁም ሬድ ሮድስ የተባለው የስቲል ጊታር ባለሙያ ከመሣሪያው ያወጣቸው የሚያፏጩ፣ የሚያቃስቱና የሚወነጨፉ ድምፆች ናቸው። የሸክላው ሽፋን ላይ የሰፈረው ማብራሪያ እነዚህ ከዚህ ዓለም ያልሆኑ የሚመስሉ ድምፆች ሁሉ በሙዚቃ መሣሪያ የተፈጠሩ መሆናቸውን ለአድማጩ በኩራት ይነግረዋል። አልበሙ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 27ኛ ደረጃ ደርሷል። ለዘመኑ ደህና የሚባል ውጤት ነው፤ ሰማይ የነካ ግን አይደለም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከእርሱ በላይ የተሸጡ በርካታ አልበሞች ሲረሱ ይህኛው ስድሳ ዓመት ተሻግሮ እስከ ዛሬ በጋለ ስሜት የሚያወሩለት፣ እያንዳንዱን ፉጨት በየትኛው መሣሪያ እንደተሠራ የሚከራከሩበት፣ ለሌላ ሰው ለማሰማት የሚቸኩሉ ወዳጆች አሉት። የዘ ሁ ቡድን ከበሮ መቺ ኪዝ ሙን ከሚወዳቸው አልበሞች አንዱ እንደነበር ይነገራል።

ይህ ፍቅር ከየት መጣ? የተለመደው መልስ ዘመኑን ይጠቅሳል፤ የሶቪየቱ ጋጋሪን በሚያዝያ 1961 ምድርን ዞረ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጨረቃ ላይ እንወጣለን አለ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፣ ሙዚቀኞቹም ገበያውን ተከተሉ ይላል። ይህ አልበሙ ለምን እንደተሠራ ያስረዳል እንጂ ለምን እንደሚወደድ አያስረዳም። በእኔ እምነት ምክንያቱ የሥራ ክፍፍሉ ነው። በግጥም አልባ የጠፈር አልበም ውስጥ ሙዚቀኛው የሚሠራው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ድምፁ ቦታውን ይዘረጋል፣ ርዕሱ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ማን ወዴት እንደሄደ፣ ምን እንዳገኘ፣ ተመለሰ አልተመለሰ የሚለውን የሚጨርሰው አድማጩ ነው። ሰው ደግሞ እጁ ያለበትን ሥራ እንደ ተራ ሸማች አይወደውም። አጥብቆ ይይዘዋል፣ ይሟገትለታል፣ እንደራሱ ይቆጥረዋል። የእነዚህ አልበሞች ወዳጆች ቁጥራቸው አነስ ብሎ ፍቅራቸው ግን የጸና የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መጀመሪያ «ድምፁ ቦታውን ይዘረጋል» የሚለውን እንየው፤ ባዶ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለምና። የስፕሪንግ ማስተጋቢያ ሙዚቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ታሪኩ የሚጀምረው በቤል ላብራቶሪዎች ነው። የስልክ መሐንዲሶቹ በረጅም ርቀት መስመር ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚዘገይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጠው ለማጥናት ስፕሪንግን ተጠቀሙ፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ርቀቱን በአንድ ጥምዝ ሽቦ አስመሰሉት። ኦርጋን ሠሪው ሎረንስ ሃሞንድ ሐሳቡን ወስዶ ለኦርጋኖቹ አዋለው፤ በ1961 ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ለጊታር የሚሆን ራሱን የቻለ የማስተጋቢያ ሣጥን አወጣ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያውም የተሠራው ሩቅን በቅርብ ለማስመሰል ነበር። ሰርፍ ሙዚቀኞቹ የውቅያኖስን ስፋት ሲያስመስሉበት፣ ቬንቸርሶች የጠፈርን ሲያስመስሉበት፣ ሣጥኗ የተፈጠረችበትን ሥራ ነው የሠራችው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። በስፕሪንግ ውስጥ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ እኩል አይጓዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ይከተላል። አጭርና ደረቅ የክር ምት ገብታ ጫፍ ላይ ስትደርስ ተስባ፣ ተለጥጣ፣ ጩኸቷ እየተንሸራተተ ትወጣለች። በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ሲሠራ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ለጦር መሣሪያዎቹ ተኩስ የፈለገውን ድምፅ ያገኘው የሬዲዮ ማማ የተወጠረበትን የብረት ገመድ በመምታት ነው፤ እዚያም የሚሠራው ይኸው የድምፆች በየራሳቸው ፍጥነት የመጓዝ ሕግ ነው። ተፈጥሮም ታደርገዋለች። መብረቅ ሲመታ የሚፈጠረው የሬዲዮ ሞገድ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ተከትሎ ከምድር በላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዝና በሌላው ንፍቀ ክበብ ይወርዳል። በዚያ መንገድ ላይ ከፍተኛው ድግግሞሽ ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ዘግይቶ ስለሚደርስ በመቀበያ መሣሪያ ሲሰማ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚወርድ ፉጨት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላትን ስልክ ለመጥለፍ ያደፈጡ ወታደሮች ይህንን ፉጨት ሰምተው ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ምንጩ በወጉ የተብራራው በ1950ዎቹ ነው። ታዲያ «ጠፈር ውስጥ አየር የለም፣ ድምፅም የለም፤ ይህ ሁሉ የፊልም ፈጠራ ነው» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። አየር የለም፤ ሞገድ ግን አለ። ሞገዱ ወደ ድምፅ ሲመነዘር የሚሰማው የስፕሪንጉ ዘመድ ነው። አድማጩ የስፕሪንግ ጊታር ሰምቶ ሩቅ ቦታ ሲታየው ጆሮው አላታለለውም። ረጅም መንገድ የተጓዘ ሞገድ እንዲህ ነው የሚሰማው።

ድምፁ ቦታ ከሰጠ፣ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግጥም ለምን ቀረ የሚለው ነው። እኛ አገር ግጥም አልባ ሙዚቃ ብዙዎች የሚሰሙት «ክላሲካል» እያሉ ነው፤ የታወቀ ዘፈን ዜማ በኦርጋን ወይም በሳክስፎን ሲጫወት አድማጩ ግጥሙን በልቡ እየጨመረ ይከተላል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን አልበም የሰማ ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ ዜማው ሲጀምር ቃሉ አብሮ ይመጣል። በቬንቸርሶች የጠፈር አልበም ላይ ግን የሚታወስ ግጥም የለም፣ ኖሮም አያውቅም። አድማጩ እጅ ላይ ያለው ርዕሱ ብቻ ነው፤ «ተመልሶ አልመጣም»፣ «የሳተላይቶች ጦርነት»፣ «አራተኛው ልኬት»፣ «የቬኑስ የፍቅር አምላክ»። «ተመልሶ አልመጣም» ማን? ከየት? ማን ይጠብቀው ነበር? ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ጊታሩ ይጫወታል፤ መልስ ግን አይሰጥም። ግጥም ቢኖረው ኖሮ ሰውየው ስም ያወጣል፣ ሚስት ይኖረዋል፣ ምናልባትም በሦስተኛው አዝማች ላይ ይመለሳል። እናም ታሪኩ አንድ ብቻ ይሆናል። አሁን ግን በአድማጮቹ ቁጥር ልክ ታሪክ አለው።

ግጥም መግባቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ፣ ማንም ሆን ብሎ ያላዘጋጀው አንድ ሙከራ አለ። በ1962 ለንደን፣ ሆሎዌይ ጎዳና ላይ፣ ከቆዳ ዕቃ መሸጫ በላይ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ ጆ ሚክ የተባለ ሰው ክፍሎቹን ስቱዲዮ አድርጎ ይሠራ ነበር። ሽቦ ወለሉን ሞልቶታል፤ ድምፅ ለማስተጋባት የማይጠቀምበት የቤቱ ክፍል አልነበረም። ሐምሌ 10 ቀን 1962 ቴልስታር የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት መጠቀች። የሠሯት ስፕሪንጉን ለስልክ ጥናት ያዋሉት እነዚያው ቤል ላብራቶሪዎች ናቸው። ሚክ በቴሌቪዥን ከአትላንቲክ ማዶ በእርሷ አማካይነት የመጣውን ምስል አይቶ ያንኑ ሰሞን ዜማ አወጣ፣ ቶርናዶስ የተባለው ቡድን ተጫወተው። መጀመሪያው ላይ የሚወነጨፍ ነገር ጩኸት አለ፣ ከዚያ ክላቪዮሊን የተባለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ዜማውን ትመራለች። «ቴልስታር» በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ በታኅሣሥ 1962 ደግሞ በአሜሪካ ሠንጠረዥ አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቡድን ሥራ ሆነ፤ ቢትልሶች ገና አሜሪካ አልደረሱም። ሙከራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሚክ ራሱ በዚያው ዓመት ያንኑ ዜማ ግጥም አስገብቶ «ማጂክ ስታር» በሚል ስም ኬኒ ሆሊውድ የተባለ ወጣት አዘፈነበት። ዜማው ያው፣ አዘጋጁ ያው፣ ጊዜው ያው። የትም አልደረሰም። እርግጥ ሁለተኛ የወጣ ነገር የመጀመሪያውን ያህል ትኩረት እንደማያገኝ ይታወቃል፣ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም በሰውየው እጅ የነበረው ዕድል ሁሉ ተሞክሮ፣ ዛሬ ሰው የሚያውቀው ቃል የሌለበትን ነው።

አራት ኖታ ብቻ ምን ያህል እንደሚሸከም ደግሞ በፍርድ ቤት በር ላይ ታይቷል። በ1963 መጨረሻ ማርኬትስ የተባሉት የሎስ አንጀለስ ሙዚቀኞች «አውተር ሊሚትስ» የሚል ሙዚቃ አወጡ። ውስጡ «ትዋይላይት ዞን» ከተባለው ታዋቂ የቴሌቪዥን ተከታታይ መግቢያ የተወሰደች፣ ያለማቋረጥ የምትደጋገም የአራት ኖታ ሐረግ ነበረች። የተከታታዩ ፈጣሪ ሮድ ሰርሊንግ ክስ መሠረተ፣ ርዕሱም «አውት ኦፍ ሊሚትስ» ወደሚል ተቀየረ፤ ሙዚቃው ግን በ1964 መጀመሪያ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። አንድ ሰው አራት ኖታ ተወሰደብኝ ብሎ ሕግ ፊት የሚቆመው አራቱ ኖታዎች ከኖታ በላይ ስለሆኑ ነው። የአሜሪካ አድማጭ እነዚያን ሲሰማ በየሳምንቱ ያየው ተከታታይ ሁሉ፣ በጓዳው የተከፈተው የማይታወቅ በር፣ መጨረሻ ላይ የሚገለበጠው ታሪክ አብሮ ይመጣበታል። ቬንቸርሶች ይህንን በሚገባ ተረድተዋል። አልበማቸውን በ«አውት ኦፍ ሊሚትስ» ከፍተው፣ በራሱ በ«ትዋይላይት ዞን» መግቢያ ዘጉት። አድማጩ ከጥቅሱ ተነስቶ በአሥር ሙዚቃዎች ውስጥ አልፎ ምንጩ ላይ ይደርሳል። ያለ አንዲት ቃል እንዲህ ያለ አቀማመጥ ማውጣት የአልበሙን አዘጋጆች ብልህነት ያሳያል፤ እስካሁን በበቂ ሁኔታ ያልተመሰገኑበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ እንምጣ። «ይህ ፍቅር ናፍቆት ነው፤ በ1960ዎቹ ልጅ የነበሩ ሰዎች የልጅነታቸውን ጠፈር እየፈለጉ ነው» ይባላል። ለአንዳንዱ አድማጭ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ይህ መልስ አላባማ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በ1992 በኦበርን ከተማ፣ ሰው ጨረቃን ከረገጠ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ኮሌጅ የሚማሩ ወጣቶች «ማን ኦር አስትሮማን?» የተባለ ቡድን አቋቋሙ። ጨረቃ የሄደው ሮኬት የተነደፈባት ሃንትስቪል እዚያው ግዛት ውስጥ ብትሆንም የጠፈሩ ዘመን ለእነርሱ የወላጆቻቸው ወሬ ነበር። ራሳቸውን ከሩቅ ፕላኔት መጥተው መርከባቸው ምድር ላይ የተከሰከሰባቸው ፍጡራን ናቸው ብለው አስተዋወቁ፤ እያንዳንዳቸው የጠፈር ስም ነበራቸው፤ ለምሳሌ ጊታሪስቱ «ስታር ክራንች»፣ ከበሮ መቺው «በርድስተፍ» ይባል ነበር። ከ1993 ጀምሮ ባወጧቸው አልበሞች ላይ በሙዚቃዎቹ መካከል ከድሮ ርካሽ የሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች የተቆረጡ ንግግሮች ይገባሉ፤ አንድ ሳይንቲስት በተጨነቀ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ጊታሩ ይፈነዳል። ከፊልሙ የቀረው ሁሉ ጠፍቷል፤ የቀረችውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ፊልሙን የሚሠራው አድማጩ ነው። ንግግሩ ከየትኛው ፊልም እንደተወሰደ እያሳደዱ ማግኘት ለወዳጆቻቸው ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

የመድረካቸው ነገር ደግሞ መታየት ያለበት ነው። የጠፈር ዩኒፎርም ለብሰው ይወጣሉ። ከኋላቸው አሮጌ ቴሌቪዥኖች ተደራርበዋል፣ ጥቁርና ነጭ የፊልም ቁርጥራጮች ይታያሉ፣ አንዳንዴም ቴስላ ኮይል ወጥቶ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወደ አየር ይተፋል። ከዚህ ሁሉ መሐል የሚወጣው ሙዚቃ ፈጣን፣ ከቬንቸርሶች የበለጠ ሸካራና ኃይለኛ ነው። የድምፅ መሐንዲሱ ስቲቭ አልቢኒ በቀረጸው በ1996ቱ «ኤክስፐሪመንት ዜሮ» ላይ ከበሮው ግድግዳ ሲመታ ይሰማል። በ1998 ያደረጉት ነገር ግን ለመከራከሪያዬ ከሁሉም በላይ ይጠቅመኛል። ራሳቸው ሳይሄዱ የራሳቸውን «ቅጂዎች» ለሙዚቃ ጉዞ ላኩ፤ አንዱ ቡድን ወንዶች፣ ሌላው ሴቶች የሆኑ፣ ያንኑ ልብስ ለብሰው ያንኑ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሌሎች ሙዚቀኞች። ይህንን ዘፋኝ ያለው ቡድን ሊሞክረው አይችልም፤ ድምፃዊው ሌላ ሰው ከሆነ ተመልካቹ ብሬን መልሱ ይላል። ድምፃዊ በሌለበት ግን አድማጩ የወደደው ፊት ወይም ድምፅ ሳይሆን ያ ዓለም ስለሆነ፣ ዓለሙን ማንም በወጉ ቢከፍትለት ይገባበታል። ናፍቆት ሰውን ይፈልጋል። እነዚህ አድማጮች የፈለጉት ቦታውን ነበር።

ይህ ነገር በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብቻ ያልተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቃል ስለሌለው የሚተረጎም ነገር የለውም። ቬንቸርሶች በ1965 ጃፓንን ሲዞሩ ወጣቱ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ተሻማ። በስዊድን ስፖትኒክስ የተባሉት የጎተንበርግ ልጆች የጠፈር ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ የወጡት ቬንቸርሶች ወደ ጠፈር ከመዞራቸው በፊት ነው። በፊንላንድ በ1987 የተቋቋመው ቡድን ስሙን ያወጣው ሶቪየቶች ወደ ጠፈር በላኳት ውሻ ነው፤ «ላይካ ኤንድ ዘ ኮስሞኖትስ»።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ቴክኒካዊ ነው። «ርዕሱ የገበያ ዘዴ ነው፤ የባሕር ሙዚቃውን ወስደህ የጠፈር ስም ብትለጥፍበት ልዩነት የለውም» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ማስረጃውም እዚያው አልበም ላይ አለ። በቬንቸርሶች አልበም ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለው «ፔኔትሬሽን» ከሎንግ ቢች የመጡት ፒራሚድስ የሠሩት፣ ጠፈር የማያውቅ የሰርፍ ሙዚቃ ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያፈርሰኝ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያግዘኛል። ያው ሙዚቃ በባሕር አልበም ላይ ሞገድ፣ በጠፈር አልበም ላይ ሽቅብ የሚወጣ መንኮራኩር ሆኖ የሚሰማ ከሆነ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ኖታው አይደለም፤ አድማጩ ነው። ርዕሱ የተለጠፈ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። የተጻፈ ትዕዛዝ ሳይሆን የተከፈተ በር ነውና፣ የሚገባውም የማይገባውም አድማጩ ነው። ይህ ማለት ግን ርዕስ የተለጠፈበት ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን የጠፈር ስም ይዘው የወጡ፣ ውስጣቸው ግን አንድም የሚያስገርም ድምፅ የሌለባቸው ሸክላዎች ብዙ ነበሩ፣ የተረሱትም በሚገባ ነው። ቦታ ያልዘረጋ ድምፅ ላይ ርዕስ ብቻውን ምንም አያደርግም። በቬንቸርሶችም አልበም ቢሆን «ፔኔትሬሽን» ደካማው ክፍል ነው እላለሁ፤ የሬድ ሮድስ ስቲል ጊታር የሚያቃስትባቸው ግን ዛሬም ያስበረግጋሉ።

በቁም ነገር መመለስ ያለበት የመጨረሻው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። የጠፈሩ ውድድር የጦር መሣሪያ ውድድሩ አንድ ገጽታ ነበር። ሮኬቶቹ ከሚሳይል የመጡ ናቸው። ታዲያ እነዚህ ሙዚቃዎች ዘግናኙን ነገር ለወጣቱ አላስዋቡትም? የቴልስታር ዕጣ ራሱ ጥያቄውን ያከብደዋል። ሳተላይቷ ከመምጠቋ አንድ ቀን በፊት አሜሪካ ከፓስፊክ ውቅያኖስ 400 ኪሎ ሜትር በላይ 1.4 ሜጋቶን የኑክሌር ቦምብ አፈንድታ ነበር። በጠፈር የቀረው ጨረር የሳተላይቷን ትራንዚስተሮች ጎዳ፤ በ1962 መጨረሻ ሥራ አቆመች፣ በጥር 1963 ለጥቂት ጊዜ ነቅታ በየካቲት ለዘለቄታው ዝም አለች። በስሟ የተጠራው ዜማ በአሜሪካ አንደኛ የነበረው እርሷ በቦምብ ጨረር በታመመችበት ወቅት ነው። ውድድሩ ለእኛም ሩቅ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በሬዲዮው የዘመኑን የአሜሪካ ሙዚቃ ያሰራጭ ነበር፤ የዚያው ጣቢያ ግዙፍ የሳተላይት ሳህኖች ደግሞ የሶቪየትን የጠፈር መንኮራኩሮች ምልክት ይጠልፉ ነበር። ሙዚቃውና ስለላው ከአንድ ጣቢያ ይወጡ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ከሳሹ የቬንቸርሶችን ርዕሶች መልሶ ያንብባቸው። «ፍርሃት» ይላል አንዱ። «አሰሳ በሽብር ውስጥ» ይላል ሌላው። የሳተላይቶች ጦርነት አለ፣ ሄዶ የቀረ ሰው አለ። በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ ጠፈር ድል ነበር፤ ጀግናው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በአበባ ይቀበሉታል። በዚህ አልበም ላይ ግን ጠፈር የሚያስፈራ፣ ሰው የሚውጥ፣ መልስ የማይሰጥ ቦታ ነው፤ ከድሉ ይልቅ ስጋቱ ይሰማል። ይህንንም ያደረገው ስብከት ሳይጨምር ነው። ማንም ዘፋኝ ፍራ ወይም አትፍራ አላለም። አድማጩ ከራሱ ዘመን ያመጣውን ፍርሃት ጨመረበት፤ የ1964ቱ የኑክሌሩን፣ የዛሬው ደግሞ የዛሬውን። ግጥም ቢኖረው ኖሮ ፍርሃቱ የ1964 ብቻ ሆኖ አብሮ ያረጅ ነበር።

ዶን ዊልሰን፣ ቡድኑን ከቦግል ጋር የመሠረተው ሰው፣ በ2022 በ88 ዓመቱ አረፈ። ቦግል በ2009፣ የቡድኑ ጊታሪስት ኖኪ ኤድዋርድስ በ2018 ቀድመውት ሄደዋል። አልበሙ ግን በሸክላም በሲዲም እንደገና እየታተመ፣ በኢንተርኔትም በነፃ እየተሰማ ነው። ሊሰማው የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልለምነው። አንድ ሁለቱን መርጦ እንዳያልፍ። ግማሽ ሰዓት ገደማ መድቦ ሥራ ሳይሠራ፣ ወሬ ሳያወራ፣ ከ«አውት ኦፍ ሊሚትስ» እስከ «ትዋይላይት ዞን» በተቀመጠበት ቅደም ተከተል ይስማው፤ መጀመሪያ ርዕሶቹን ሳያይ፣ ቀጥሎ ርዕሶቹን እያነበበ። በሁለቱ መካከል የሚያገኘው ልዩነት የራሱ ድርሻ ነው።